ወሰኑ የት ይለፍ? የትምህርት ቤት ክልል ክርክር በሞንጎመሪ ካውንቲ

በአሜሪካ የመንግሥት ትምህርት ቤቶች አንድ ልጅ የት እንደሚማር ከሁሉ አስቀድሞ የሚወስነው የሚያድርበት ቤት አድራሻ ነው። እያንዳንዱ ትምህርት ቤት ተማሪዎቹን የሚቀበልበት በካርታ ላይ የተሰመረ ክልል አለው፤ ይህ የምዝገባ ክልል ሲባል፣ አንዱን ክልል ከሌላው የሚለየው መስመር ደግሞ ወሰን ይባላል፤ በዚያ ያሉ ወላጆችም «ባውንደሪ» እያሉ ይጠሩታል። መስመሩ በመሬት ላይ አይታይም፤ አጥርም ሆነ ድንጋይ የለውም፤ ብዙ ጊዜ በአውራ ጎዳና መሐል፣ በወንዝ ዳር ወይም በሁለት መንደሮች መካከል ሾልኮ ያልፋል። ይሁን እንጂ ከመስመሩ ወዲህና ወዲያ የሚኖሩ የሁለት ጎረቤታሞች ልጆች በተለያየ አውቶቡስ ተሳፍረው፣ ከተለያዩ ጓደኞች ጋር አድገው፣ በተለያየ አዳራሽ ሊመረቁ ይችላሉ። የትምህርት ቦርድ መስመሩን ሊያንቀሳቅስ ማሰቡ በተሰማ ቁጥር ከወትሮው ስብሰባ የሚቀሩ ወላጆች ሁሉ አዳራሽ የሚሞሉት ስለዚህ ነው።

ይህን ክርክር በቅርብ ለመመርመር ከሚመቹ ቦታዎች አንዱ ከዋሽንግተን ዲሲ በስተሰሜን፣ በሜሪላንድ ግዛት የሚገኘው ሞንጎመሪ ካውንቲ ነው። ከአንድ ሚሊዮን በላይ ሕዝብ በሚኖርበት በዚህ ካውንቲ ወደ 160,000 የሚጠጉ ተማሪዎች ከ200 በላይ በሆኑ ትምህርት ቤቶች የሚማሩ ሲሆን፣ ሁሉንም የሚያስተዳድረው አንድ የትምህርት ቦርድ ነው፤ በግዛቲቱም ትልቁ የትምህርት ሥርዓት ይኸው ነው። ለአማርኛ አንባቢ ቦታው ባዕድ አይደለም። በሲልቨር ስፕሪንግ፣ በታኮማ ፓርክ፣ በዊተን፣ በጌይተርስበርግና በጀርመንታውን በርካታ የኢትዮጵያ ተወላጅ ቤተሰቦች ይኖራሉ፤ የትምህርት ሥርዓቱ ለወላጆች የሚያዘጋጃቸውን ጽሑፎች ከሚያስተረጉምባቸው ቋንቋዎችም አንዱ አማርኛ ነው። ስለዚህ ክርክሩ ስለ ሌላ ሰው ልጅ የሚደረግ የሩቅ አገር ወሬ አይደለም።

የካውንቲው መልክዓ ምድር የክርክሩን ግማሽ አስቀድሞ ይናገራል። በደቡብ ምዕራብ ያሉት ቤተስዳ፣ ቼቪ ቼስና ፖቶማክ በአገሪቱ ካሉ ባለጸጋ መንደሮች ተርታ የሚመደቡ ሲሆኑ፣ ወደ ምሥራቅ ሮክ ክሪክ የተባለውን ወንዝና በዳርቻው የተዘረጋውን መናፈሻ የተሻገረ ሰው የኪራይ አፓርታማ የሚበዛባቸውን፣ ከላቲን አሜሪካ፣ ከአፍሪካና ከእስያ የመጡ ቤተሰቦች የሰፈሩባቸውን አካባቢዎች ያገኛል። ወደ ሰሜን ደግሞ ከ2000 ወዲህ የእርሻ መሬት የነበረው ብዙ ቦታ በአዳዲስ ቤቶች እየተሞላ፣ ከሕንፃዎቹ አቅም በላይ ተማሪ ያፈራው የክላርክስበርግና የጀርመንታውን አካባቢ ይገኛል። (በዚህ ጽሑፍ ያሉት ዓመታትና ቀናት በሙሉ በጎርጎርዮሳዊው አቆጣጠር የተጻፉ ናቸው።)

ቦርዱ ወሰን ሲያወጣ ወይም ሲለውጥ እንዲመዝናቸው የራሱ መመሪያ የሚያዝዘው አራት ነገሮችን ነው። የመጀመሪያው የተማሪዎቹ ስብጥር ነው፤ ይህም የቤተሰባቸውን የኑሮ ደረጃ፣ የቋንቋቸውንና የዘራቸውን ዓይነት ያካትታል። ሁለተኛው መልክዓ ምድር፣ ማለትም ትምህርት ቤቱ ለተማሪዎቹ መኖሪያ ያለው ቅርበት ነው። ሦስተኛው መረጋጋት ነው፤ አንድ ልጅ በየሁለት ዓመቱ ትምህርት ቤት እንዳይቀያይር መጠበቅን ይመለከታል። አራተኛው የሕንፃ አጠቃቀም ነው፤ አንዱ ትምህርት ቤት ተጨናንቆ በግቢው ጊዜያዊ ክፍሎች ሲደረደሩ ሌላው ባዶ ወንበር ይዞ እንዳይቀር ማድረግን ይሻል። እነዚህ አራቱ በወረቀት ላይ ተስማምተው ቢቀመጡም በካርታ ላይ ሲወርዱ እርስ በርስ ይገፋፋሉ፤ ለስብጥር የሚበጀው መስመር ቅርበትን ያጓድላል፣ መጨናነቅን የሚያቃልለውም መረጋጋትን ያፈርሳል። ቦርዱ በ2018 መመሪያውን አሻሽሎ ለስብጥር የሚሰጠው ትኩረት እንዲጎላ ባደረገ ጊዜ፣ ለዓመታት ዝም ብሎ የቆየው ግጭት ወደ አደባባይ ወጣ።

የክርክሩ መድረክ ብዙውን ጊዜ የአንድ ትምህርት ቤት ካፍቴሪያ ወይም አዳራሽ ነው። በግድግዳው ላይ በቁጥር ወይም በፊደል የተለዩ የአማራጭ ካርታዎች ይሰቀላሉ፤ እያንዳንዱ ካርታ በቀለም የተከፋፈለ ሲሆን፣ ከሥሩ ባለው ሠንጠረዥ የትኛው ትምህርት ቤት ስንት ልጅ እንደሚይዝና ከተማሪዎቹ ምን ያህሉ በነፃ ወይም በቅናሽ ምሳ እንደሚመገቡ ተዘርዝሯል። ወደ ካርታው የሚጠጋ ወላጅ መጀመሪያ የሚፈልገው ይህን ሠንጠረዥ አይደለም፤ ጣቱን በጎዳናዎቹ ላይ እያስሄደ የራሱን መንገድ ስም ይፈልጋል፤ ካገኘው በኋላ ቀለሙ እንደ ቀድሞው መሆኑን ወይም መቀየሩን ያያል፤ ዕፎይታውም ሆነ ቁጣው የሚመጣው ከዚያ ነው። ከዚያም ለተናጋሪዎች የተመደበው ጥቂት ደቂቃ ይጀመራል፤ አንዱ ስለ ልጁ የእንቅልፍ ሰዓት፣ ሌላዋ ስለ ቤታቸው ዋጋ፣ ሦስተኛው ስለ ፍትሕ ይናገራል፤ ሁሉም የሚናገሩት ግን ስለዚያው መስመር ነው።

በሠንጠረዡ ላይ ያለው የምሳ ቁጥር ምን ማለት እንደሆነ መረዳት ያስፈልጋል፤ የክርክሩ መለኪያ እሱ ነውና። በፌዴራሉ የምግብ ድጋፍ ደንብ መሠረት የቤተሰቡ ገቢ መንግሥት ካወጣው የድህነት መስመር ከ130 በመቶ የማይበልጥ ልጅ ምሳውን በነፃ፣ እስከ 185 በመቶ የሚደርስ ደግሞ በቅናሽ ያገኛል። የትምህርት ባለሥልጣናት የየቤቱን ገቢ መመርመር ስለማይችሉ ይህን የምሳ መዝገብ የድህነት መለኪያ አድርገው ይጠቀሙበታል። ስለዚህ አንድ ወላጅ በስብሰባ ላይ ቆሞ ቁጥሩ በልጁ ትምህርት ቤት ከፍ ማለቱ ያሳስበኛል ሲል፣ በሌላ አነጋገር የደሃ ልጆች መብዛት ያሳስበኛል ማለቱ ነው። ይህን የሚሰማው የደሃው ልጅ አባትም ብዙ ጊዜ በዚያው አዳራሽ ውስጥ ተቀምጧል።

የቅርበት ክርክር በቀላሉ የሚናቅ አይደለም። በሞንጎመሪ ካውንቲ አንድ ተማሪ በእግሩ እንዲሄድ የሚጠበቅበት ርቀት ለአንደኛ ደረጃ እስከ 1 ማይል፣ ለመካከለኛ ደረጃ እስከ 1.5 ማይል፣ ለሁለተኛ ደረጃ ደግሞ እስከ 2 ማይል ሲሆን፣ ከዚያ የራቀው ልጅ በቢጫው የትምህርት ቤት አውቶቡስ ይጓጓዛል። በእግሩ የሚሄድ ልጅ ከጎረቤቶቹ ጋር ይሄዳል፤ ከትምህርት በኋላ ለሚኖረው ስፖርት ወይም የጥናት ጊዜ መቆየት ይችላል፤ ቢታመም ቤተሰቡ ፈጥኖ ይደርስለታል። ቅርበትን የባለጸጋ ቤተሰብ ጥያቄ ብቻ አድርጎ ማየትም ስሕተት ነው። የሌሊት ፈረቃ ሠርታ ጧት የምትገባ የሆስፒታል ሠራተኛ፣ መኪና የሌላቸው ወላጆች፣ የልጅ ልጃቸውን ከትምህርት ቤት የሚቀበሉና እንግሊዝኛ የማይናገሩ አያት፣ ከማንም በላይ የሚፈልጉት በእግር የሚደረስበትን ትምህርት ቤት ነው። ሁለት መኪና ያለው ቤተሰብ አምስት ማይል ተጨማሪ ቢጓዝ ይቸገራል፤ መኪና የሌለው ቤተሰብ ግን የወላጆች ስብሰባውን ጭራሽ ይተወዋል።

ይሁን እንጂ ቅርበት የሚለው ቃል አንድን ጥያቄ ይሸፍናል፤ ማን ከማን ጋር ጎረቤት ሆነ? ለምንስ? የሚለውን። በሃያኛው መቶ ዓመት የመጀመሪያ አጋማሽ በካውንቲው በርካታ መንደሮች የቤት ሽያጭ ውሎች ገዢው ቤቱን ለጥቁር፣ አንዳንዴም ለአይሁዳዊ እንዳይሸጥ ወይም እንዳያከራይ ይከለክሉ ነበር። የአሜሪካ ጠቅላይ ፍርድ ቤት በ1948 እንዲህ ያለውን ውል ፍርድ ቤቶች እንዳያስፈጽሙት ወሰነ፤ በቤት ሽያጭና ኪራይ አድልዎ መፈጸምን የሚከለክለው የፌዴራል ሕግ ግን የወጣው በ1968 ነው። ውሉ ከተሻረ በኋላ ደግሞ የመሬት አጠቃቀም ደንብ ሥራውን ተረከበ፤ በሰፊ ግቢ ላይ አንድ ቤት ብቻ እንዲሠራ የሚፈቅድ ደንብ፣ ስለ ዘር አንድም ቃል ሳይናገር፣ ገቢው ዝቅተኛ የሆነውን ሁሉ ከመንደሩ ውጭ ያስቀራል። እንግዲህ ሰፈሩ በሕግና በዋጋ ከተለያየ በኋላ የትምህርት ቤት ወሰን ሰፈርን ይከተል ማለት ያንን መለያየት ወደ ክፍል ውስጥ ማስገባት ይሆናል።

በካውንቲው ይህን ታሪክ ከማንኛውም መጽሐፍ በላይ የሚመሰክር አንድ ሕንፃ አለ። በሮክቪል ከተማ በሀንገርፎርድ ድራይቭ ላይ የሚገኘው የካርቨር ሕንፃ በ1951 የተከፈተው ለካውንቲው ጥቁር ተማሪዎች ብቻ የተለየ ሁለተኛ ደረጃ ትምህርት ቤት ሆኖ ነበር። ከካውንቲው ዳር እስከ ዳር ያሉ ጥቁር ወጣቶች በየአቅራቢያቸው ያለውን የነጮች ትምህርት ቤት እያለፉ ወደዚያ በአውቶቡስ ይጓዙ ነበር፤ ያን ጊዜ ስለ ቅርበት የተከራከረላቸው ቦርድ አልነበረም። ጠቅላይ ፍርድ ቤቱ ግንቦት 17 ቀን 1954 በዘር የተለየ ትምህርት ሕገ መንግሥቱን ይጥሳል ብሎ ከወሰነ በኋላ ካውንቲው ቀስ በቀስ ትምህርት ቤቶቹን ማቀላቀል ጀመረ፤ ካርቨርም በ1960 በትምህርት ቤትነቱ ተዘግቶ የትምህርት ሥርዓቱ ዋና መሥሪያ ቤት ሆነ። ለብዙ አሥርት ዓመታት ቦርዱ ስለ ወሰን ሲከራከር የኖረው በዚያ ጣሪያ ሥር ነው።

ሕጉ ከ1954 በኋላ የሄደበት መንገድ ቀጥተኛ አልነበረም። በ1971 ጠቅላይ ፍርድ ቤቱ በሰሜን ካሮላይና ስለ ተነሣ ክስ ሲወስን፣ የተለያዩትን ለማቀላቀል ተማሪዎችን በአውቶቡስ ማጓጓዝ የተፈቀደ መሣሪያ መሆኑን አጸደቀ። ከሦስት ዓመት በኋላ ግን፣ በዲትሮይት ጉዳይ፣ የከተማው ዳርቻ የትምህርት አውራጃዎች ጥፋት መፈጸማቸው ካልተረጋገጠ በቀር ከከተማው ጋር ተቀላቅለው መፍትሔ እንዲሰጡ ማስገደድ አይቻልም አለ። የዚህ ውሳኔ ትርጉም ቀላል ነበር፤ ከአውራጃው መስመር ውጭ የተሻገረ ቤተሰብ ከግዴታው ተሻገረ። በ2007 ደግሞ ከሲያትልና ከሉዊቪል በመጡ ሁለት ክሶች ፍርድ ቤቱ 5 ለ 4 በሆነ ድምፅ፣ የአንድን ተማሪ ዘር መሠረት አድርጎ ትምህርት ቤት መመደብን ከለከለ። ወሳኙን ድምፅ የሰጡት ዳኛ አንቶኒ ኬኔዲ ግን በተለየ አስተያየታቸው፣ የአካባቢዎችን አጠቃላይ ስብጥር እያወቁ ወሰን ማስመር እንደሚቻል ጽፈዋል። ዛሬ ቦርዶች ስለ ዘር ከመናገር ይልቅ ስለ ምሳ ቁጥርና ስለ ገቢ የሚናገሩት በከፊል ከዚህ የተነሣ ነው።

ሜሪላንድ ከብዙ ግዛቶች የሚለይበት አንድ ነገር አለ፤ የትምህርት ሥርዓቱ በከተማ ወይም በመንደር ሳይሆን በካውንቲ የተደራጀ ነው። በሌላ ቦታ የአንድ መንደር የንብረት ግብር ለዚያው መንደር ትምህርት ቤት ስለሚውል፣ ባለጸጋው መንደር ባለጸጋ ትምህርት ቤት ይኖረዋል። በሞንጎመሪ ግን ገንዘቡ በአንድ ከረጢት ይገባል፤ የመምህራን የደመወዝ እርከንም ለሁሉም አንድ ነው። ታዲያ ገንዘቡ አንድ ከሆነ ጠቡ ስለምንድን ነው? መልሱ ያለው በክፍል ውስጥ በሚቀመጡት ልጆች፣ በወላጆች ማኅበራት አቅም፣ በመጨረሻም በቤት ዋጋ ላይ ነው። ሳንድራ ብላክ የተባሉ የኢኮኖሚ ምሁር በ1999 ባሳተሙት ጥናት በቦስተን ዙሪያ በወሰን መስመር ወዲህና ወዲያ ያሉ ተመሳሳይ ቤቶችን አነጻጽረው፣ በፈተና ውጤት 5 በመቶ ለሚበልጥ ትምህርት ቤት ወላጆች 2.5 በመቶ የሚሆን የቤት ዋጋ ጭማሪ እንደሚከፍሉ አሳይተዋል። መስመሩ ሲንቀሳቀስ የዕድሜ ልክ ቁጠባቸውን በቤታቸው ያስቀመጡ ሰዎች የሚደነግጡት ስለዚህ ነው፤ ድንጋጤያቸው እውነተኛ ነው፤ የሌላው ልጅ ዕድል መለኪያ ግን ሊሆን አይገባውም።

ስብጥር ለትምህርት ይጠቅማል የሚለው ሐሳብ የቅን ልቦና ምኞት ብቻ አይደለም። የማኅበረሰብ ተመራማሪው ጄምስ ኮልማን ለፌዴራሉ መንግሥት በ1966 ባቀረቡትና ከግማሽ ሚሊዮን በላይ ተማሪዎችን ባካተተው ዘገባ፣ ከቤተሰብ ሁኔታ ቀጥሎ የክፍል ጓደኞች ማንነት ከሕንፃና ከመሣሪያ ይልቅ ከተማሪው ውጤት ጋር እንደሚያያዝ ገልጸዋል። ለሞንጎመሪ ግን ከዚህ የበለጠ ቅርብ ማስረጃ አለ፤ ይህም ተመራማሪዋ ሄዘር ሽዋርትዝ በ2010 ያወጡት ጥናት ነው።

ጥናቱን ለመረዳት በ1974 ሥራ ላይ የዋለውን የካውንቲውን ሕግ ማወቅ ይገባል። ሕጉ ከተወሰነ ቁጥር በላይ ቤት የሚሠራ ኩባንያ ሁሉ ከቤቶቹ ከ12.5 እስከ 15 በመቶ የሚሆኑትን መካከለኛና ዝቅተኛ ገቢ ላላቸው ቤተሰቦች በሚመጥን ዋጋ እንዲያቀርብ ያስገድዳል፤ ከእነዚህም እስከ አንድ ሦስተኛ የሚሆኑትን የካውንቲው የቤቶች ኮሚሽን ገዝቶ ለድሆች ማከራየት ይችላል። በዚህ መንገድ የድሃ ቤተሰብ ቤት በአንድ ቦታ ሳይከማች በባለጸጋ መንደሮች መካከል ተበተነ፤ የኪራይ ቤት የሚጠብቁ ቤተሰቦችም የት እንደሚደርሳቸው የሚወሰነው በዕጣ ስለነበር፣ ተመራማሪዋ ልጆቹን ያለ አድልዎ ማነጻጸር ቻሉ። ከ2001 እስከ 2007 የተከታተሏቸው 858 ልጆች ናቸው። በዚያው ዘመን ካውንቲው ድህነት በሚበዛባቸው ትምህርት ቤቶች ተጨማሪ ገንዘብ አፍስሶ፣ የክፍሎችን የተማሪ ቁጥር ቀንሶ፣ ሙሉ ቀን የሚውል መዋዕለ ሕፃናት ከፍቶ ነበር። ሆኖም የአንደኛ ደረጃ ትምህርት ሲያልቅ የተሻለ ውጤት ያመጡት፣ ተጨማሪ ገንዘብ በተሰጣቸው ትምህርት ቤቶች የተማሩት ሳይሆኑ ድህነት ዝቅተኛ በሆነባቸው ትምህርት ቤቶች የተማሩት የድሃ ልጆች ነበሩ፤ ድሃ ካልሆኑት የካውንቲው ልጆች ጋር የነበራቸውን ልዩነት በሒሳብ በግማሽ፣ በንባብ ደግሞ በአንድ ሦስተኛ አጥብበዋል።

በዚህ ጥናት ላይ ተከራካሪዎች በብዛት ሳያዩት የሚያልፉት አንድ ነገር አለ። እነዚያ ልጆች ወደ ትምህርት ቤታቸው ለመድረስ የማንንም ወሰን አልተሻገሩም፤ ቤታቸው በትምህርት ቤቱ አጠገብ ስለተሠራ የሰፈራቸው ልጆች ሆነው ገቡ። ቅርበትና ስብጥር እንደ ሁለት ጠላቶች የሚታዩት ቤቶቹ አስቀድመው ስለተለያዩ ብቻ ነው፤ ቤቶቹ በተቀራረቡበት ቦታ ሁለቱን በአንድነት ማግኘት ተችሏል። ስለዚህ የትምህርት ቦርዱ በአዳራሹ ሌሊቱን ሙሉ የሚያከራክረው ጉዳይ ሥሩ የሚገኘው በሌላ አዳራሽ፣ የመሬት አጠቃቀምና የቤት ፈቃድ በሚወሰንበት የካውንቲው ምክር ቤት ነው። ወላጆች በመጀመሪያው አዳራሽ ተጨናንቀው ሁለተኛውን ባዶ መተዋቸው ትልቅ ጉድለት ነው።

ቤቶች እስኪቀራረቡ ድረስ ግን ልጆች ያድጋሉ፤ ለዛሬው ልጅ ዛሬ የሚሆን መፍትሔ ያስፈልጋል። ካውንቲው ከዚህ ቀደም ከሞከራቸው መንገዶች ጥምረት የሚባለው ልዩ ትኩረት ይገባዋል። በዚህ አሠራር ሁለት ወይም ሦስት ጎረቤት የአንደኛ ደረጃ ትምህርት ቤቶች ሰፈርን ሳይሆን ክፍልን ይከፋፈላሉ፤ አንደኛው የሁሉንም ሰፈሮች ትንንሽ ልጆች፣ ሌላው ከፍ ያሉትን ያስተምራል። በሲልቨር ስፕሪንግ ያለው የሮዝሜሪ ሂልስ ትምህርት ቤት ከ1970ዎቹ ጀምሮ ከቼቪ ቼስ አካባቢ ትምህርት ቤቶች ጋር የተጣመረው በዚህ ዓይነት ነው፤ የባለጸጋው መንደር ሕፃናት እስከ ሁለተኛ ክፍል ወደ ሮዝሜሪ ሂልስ ይሄዳሉ፤ ከሦስተኛ ክፍል ጀምሮ ደግሞ የሮዝሜሪ ሂልስ ልጆች ወደ ቼቪ ቼስ ይጓዛሉ። የታኮማ ፓርክና የፓይኒ ብራንች ትምህርት ቤቶችም በተመሳሳይ መንገድ ተጣምረዋል። የዚህ አሠራር ትልቁ ቁም ነገር የጉዞውን ሸክም ማካፈሉ ነው። በብዙ የአሜሪካ ከተሞች ማቀላቀል ማለት የጥቁርና የደሃ ልጅ ጧት በጨለማ ተነሥቶ ወደ ሩቅ መጓዝ ማለት ሆኖ ሲቀር፣ እዚህ ግን የሁለቱም ወገን እናቶች በተራቸው ልጃቸውን አውቶቡስ ላይ ያሳፍራሉ። ፍትሐዊ የሚባል ወሰን ቢኖር መለኪያው ይህ መሆን አለበት።

በምሥራቅና በመሐል ካውንቲው ደግሞ ሌላ መንገድ ተሞክሯል። በአካባቢው አጠራር ኮንሶርቲየም በሚባለው አደረጃጀት የብሌር፣ የአይንስታይን፣ የኬኔዲ፣ የኖርዝውድና የዊተን ሁለተኛ ደረጃ ትምህርት ቤቶች በአንድ ሰፊ ክልል ተጠቃልለው፣ ተማሪው ከአምስቱ የሚፈልጋቸውን በቅደም ተከተል ይመርጣል። ምርጫ ያለ ጥርጥር ነፃነት ይሰጣል፤ ነገር ግን አምስቱም የሚገኙት በዚያው በምሥራቁ ወገን ስለሆነ፣ ሮክ ክሪክን ተሻግሮ ያለውን ልዩነት አልነካውም።

የ2019 መኸር የካውንቲው ወላጆች ከፍተኛ ውዝግብ ያዩበት ወቅት ነው። በጀርመንታውን የሚገኘው የሴኔካ ቫሊ ሁለተኛ ደረጃ ትምህርት ቤት ወደ 2,500 የሚጠጉ ተማሪዎችን እንዲይዝ ተደርጎ እንደ አዲስ በመገንባት ላይ ነበር፤ በአቅራቢያው ያለው የክላርክስበርግ ትምህርት ቤት ደግሞ ከአቅሙ በላይ ሞልቶ ተጨናንቋል። ቦርዱ ኅዳር 26 ቀን ወሰኑን ለውጦ ከክላርክስበርግ ብዙ ተማሪዎችን ወደ ሴኔካ ቫሊ ሲያዛውር፣ በቅርባቸው ያለውን ትምህርት ቤት አልፈው ወደ ሩቁ እንዲሄዱ የተደረጉ ልጆች ወላጆች ክፉኛ ተቃወሙ። ከተቃዋሚዎቹ ብዙዎቹ ስደተኞችና የስደተኛ ልጆች፣ በተለይም ከእስያ የመጡ ቤተሰቦች ነበሩ፤ ይህንን ተቃውሞ የነጭ ባለጸጋ እምቢታ ብቻ አድርጎ መግለጽ እውነቱን ያዛባል። በዚያው ወር ጎረቤት የሆነው ሃዋርድ ካውንቲም ወደ 5,400 የሚጠጉ ተማሪዎችን የሚያንቀሳቅስ የወሰን ለውጥ አጽድቆ ተመሳሳይ ቁጣ ገጥሞታል።

ሞንጎመሪ በዚያው ዓመት መላውን ካውንቲ የሚመለከት የወሰን ትንተና እንዲደረግ ደብልዩ ኤክስ ዋይ የተባለ የኒው ዮርክ ተቋም ቀጥሮ ነበር፤ የመጨረሻው ዘገባ በ2021 ወጣ። ሥራው የነበሩትን ወሰኖች በሕንፃ አጠቃቀም፣ በርቀትና በስብጥር መመርመር እንጂ አዲስ መስመር ማቅረብ አልነበረም፤ ሆኖም ትንተና የሚለው ቃል ብቻ ብዙ ወላጆችን ልጆቻቸው ነገ ጧት በአውቶቡስ ወደ ሌላ ዳር እንደሚወሰዱ አሳመናቸው። እዚህ ላይ ጥፋቱ የወላጆቹ ብቻ አይደለም። ባለሥልጣናት ዓላማቸውን ግልጽ በሆነ ቋንቋ፣ በሁሉም ቋንቋ፣ አስቀድመው ካላስረዱ ባዶውን ቦታ ወሬ ይሞላዋል።

አማርኛ ተናጋሪ ወላጆች ይህን ክርክር ሲሰሙ ሊያስታውሱት የሚችሉት ሌላ ከተማ አለ። በእስራኤል ፔታሕ ቲክቫ በ2009 ሦስት በከፊል የግል የሆኑ ሃይማኖታዊ ትምህርት ቤቶች የኢትዮጵያ ተወላጅ ተማሪዎችን አንቀበልም ብለው አገሩን ሁሉ ያነጋገረ ውዝግብ አስነሥተዋል። በዚያችው ከተማ ከሁለት ዓመት በኋላ፣ ተማሪዎቹ በሙሉ ለማለት በሚቻል ደረጃ የኢትዮጵያ ተወላጆች የሆኑበት አንድ የመንግሥት ትምህርት ቤት እንዲዘጋና ልጆቻቸው ወደ ሌሎች እንዲከፋፈሉ በመጠየቅ ወላጆቹ ራሳቸው ተቃውሞ አደረጉ። ትምህርት ቤቱ ለቤታቸው ቅርብ ነበር፤ ልጆቹም የሚያውቋቸውን ጎረቤቶቻቸውን ብቻ ያገኙበት ነበር፤ ወላጆቹን ያስቆጣቸው በትክክል ይኸው ነበር። ቅርበት መብት ሆኖ የሚቆጠረው ለሌላውም በር ክፍት ሲሆን ነው፤ በሩ በተዘጋበት ቦታ ያው ቅርበት አጥር ይሆናል።

በሞንጎመሪ ጉዳዩ አላበቃም። በ1987 የተማሪ ቁጥር ስለቀነሰ ተዘግቶ የነበረው የዉድዋርድ ሁለተኛ ደረጃ ትምህርት ቤት በ2024 በአዲስ ሕንፃ ተከፍቶ፣ ሕንፃው እየታደሰ ላለው ለኖርዝውድ ተማሪዎች ጊዜያዊ መቆያ ሆኗል፤ በጌይተርስበርግም ክራውን የተባለ አዲስ ትምህርት ቤት ግንባታ ተጀምሯል። እነዚህ ሁለት ሕንፃዎች የራሳቸው ክልል ስለሚያስፈልጋቸው በ2025 የበርካታ ትምህርት ቤቶችን ወሰን የሚነኩ ጥናቶች ተካሂደዋል፤ ከሚነኩት አካባቢዎች መካከል ሲልቨር ስፕሪንግና ዊተን፣ ማለትም የአማርኛ ተናጋሪዎች ቤት፣ ይገኙበታል።

ስለዚህ በካውንቲው ለምትኖሩ አንባቢዎች የሚቀርበው ጥሪ ግልጽ ነው። ቦርዱ ወሰን ከመለወጡ በፊት የሕዝብ ማድመጫ መድረክ ያዘጋጃል፤ በመድረኩ ላይ የሚናገረው ሰው ቤት ያለው ወይም ተከራይ፣ ዜጋ ወይም አዲስ ስደተኛ ተብሎ አይለይም። በዕድርና በቤተ ክርስቲያን፣ በመስጊድና በሠርግ ላይ የሚነገረው ብሶት በመድረኩ መዝገብ ላይ ካልሰፈረ አይቆጠርም። ካርታው ሲወጣ የመንገዳችሁን ስም ካገኛችሁ በኋላ ከሥሩ ያለውን ሠንጠረዥ አንብቡ፤ የጉዞው ሸክም በማን ልጅ ላይ እንደወደቀ ጠይቁ፤ ለመናገር አስቀድማችሁ ተመዝገቡ፤ እንግሊዝኛው የሚከብዳችሁ ከሆነም የአማርኛ አስተርጓሚ እንዲመደብላችሁ ከስብሰባው ቀን በፊት ጠይቁ።